የከለከለ አባትና ያጣ አባት

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት በሚያመች መልኩ ተስተካክሎ የቀረበ)

  

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ወጋችን ስለ ነፈቃ ነው፤ የመንግሥት ፍርድ ቤቶች «ቀለብ» ስለሚሉት። አባት ልጁን የማብላት፣ የማልበስና የማስጠለል ግዴታ እንዳለበት በዚህ ዝግጅት ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ እሱን አልደግመውም። ዛሬ የማነሳው ብዙም የማይነሳውን ጎን ነው። አባት ቀለብ አልከፈልክም ተብሎ ሲታሰር ልጁ ምን ያገኛል? ይህን ጥያቄ ያነሳነው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ቃዲዎች ከሺህ ዓመት በፊት አንስተውታል፤ መልስም ሰጥተውበታል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት እዚሁ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ሁለት አባቶችን በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። አንደኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ከፒያሳ መናኸሪያ የሰው ባጃጅ እየነዳ ለባለንብረቱ የቀን ሒሳብ የሚያስገባ ሰው ነው። ሁለቱም ከሚስቶቻቸው ተፋትተዋል፤ በሁለቱም ላይ የልጅ ቀለብ ተፈርዷል፤ ሁለቱም ሦስት ወር ሳይከፍሉ ቀሩ። እናቶቹም የአፈጻጸም መዝገብ ከፈቱ።

ለመጀመሪያው ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሒሳብ ክፍሉ ከደሞዙ እየቆረጠ ለእናትየው ይከፍላል። ሲቆረጥም ወሰን አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከአንድ ሠራተኛ የወር ደሞዝ ላይ የሚቆረጠው በጠቅላላ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር፤ በ2011 የተተካው አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህንኑ ጠብቆ አቆይቶታል። ለመንግሥት ሠራተኛም ተመሳሳይ ወሰን አለ። ስለዚህ ሰውዬው ሁለት ሦስተኛው ደሞዝ ይቀርለታል፤ የቤት ኪራዩን ይከፍላል፤ ነገም ሥራው ይገባል።

ሁለተኛው አባት ግን ደብዳቤ የሚጻፍለት ሒሳብ ክፍል የለውም። የሚያዝ ቤት የለውም፤ ባጃጇም የሌላ ሰው ናት። በእጁ ያለው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፖሊስ እሱን ይዞ እንዲያቀርብ ይታዘዛል፤ ዘመድ ተሯሩጦ ካልከፈለለትም ማረፊያ ቤት ያድራል። ከደሞዝተኛው ላይ አንድ ሦስተኛው ሲያዝ፣ የቀን ሠራተኛው ሙሉ በሙሉ ተያዘ ማለት ነው።

እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ጉዳይ የተያዘ የሰፈራችንን ሰው ለመጠየቅ ሄጄ አውቃለሁ። የየት ከተማና የየትኛው ጣቢያ ነገር እንደሆነ አልናገርም። በገባ በአራተኛው ቀን ባለንብረቱ ባጃጇን ለሌላ ሾፌር ሰጥቷት ነበር። እኔ በር ላይ ተራ ስጠብቅ ምሳ በሳህን ቋጥራ ከፊቴ የቆመችው ሴት ማን መሰለቻችሁ? የከሰሰችው የልጁ እናት ነበረች። «እናቱ ገጠር ናት፤ ማን ያመጣለታል?» አለችኝ። ለልጇ ቀለብ ፍለጋ የሄደች ሴት ለአባትየውም ቀለብ ማቅረብ ጀመረች።

እህቶቼ፣ ይህን ስል ሬዲዮውን እንዳትዘጉብኝ። እያለው የሚከለክል አባት እንዳለ አሳምሬ አውቃለሁ። ፍርዱ እንደተሰጠ ባጃጁን በወንድሙ ስም የሚያዞር አለ። «ሥራ የለኝም» ብሎ በችሎት ምሎ ማታ ለሁለተኛ ሚስቱ ቤት ሲያሠራ የሚታይ አለ። ጉሊት ተቀምጣ፣ እንጀራ ጋግራ ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት እንዲህ ያለውን ሰው ሕግ እንዲይዘው ብትጠይቅ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። እኔ የምለው የከለከለ አባትና ያጣ አባት አንድ ሰው አይደሉም ነው። የሕግ ታሪክም በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ይነግረናል።

ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን እንጀምር። የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ቢንት ዑትባ ባሏ እጁን የሚሰበስብ እንደሆነና ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለመልእክተኛው አመለከተች። እርሳቸውም ከባሏ ገንዘብ በአግባቡ ለራሷና ለልጆቿ የሚበቃትን እንድትወስድ ፈቀዱላት። ይህ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ልብ በሉ፣ አቡ ሱፍያን ከቁረይሽ ነጋዴዎች ዋነኛው ነበር። ገንዘብ ነበረው። መፍትሔውም ወደ ገንዘቡ ሄደ።

ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ (ረ.ዐ.) የዘገቡት። አንድ ሰው የገዛው ፍሬ ተበላሽቶበት ዕዳ ተከመረበት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ምጽዋት እንዲሰጡት አዘዙ፤ ተሰጠውም፤ ነገር ግን ዕዳውን አልሸፈነም። ያን ጊዜ ለአበዳሪዎቹ ያገኙትን እንዲወስዱ፣ ከዚያ ሌላ ግን ምንም እንደሌላቸው ነገሯቸው። ይህ ሰው አልታሰረም። በአቡ ዳዉድ በተዘገበ ሌላ ሐዲስ ደግሞ እያለው ዕዳውን የሚያጓትት ሰው መወቀስም መቀጣትም እንደሚገባው ተነግሯል። ዑለማዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ነው የተረዷቸው። ቅጣቱ የተነገረው እያለው ለሚያጓትት ነው። በሱረቱ አጥ-ጦላቅ 7ኛ አንቀጽ የነፈቃ ልክ በሰጪው አቅም መሆኑ፣ በሱረቱ አል-በቀራ 280ኛ አንቀጽም ችግር ላይ ያለ ባለዕዳ እስኪቃለልለት ጊዜ እንዲሰጠው መታዘዙ የዚህ መሠረት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው የኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘመን ነው። ዑመር ለጦር አዛዦቻቸው ጽፈው ከሚስቶቻቸው ርቀው የቆዩ ወታደሮች ወይ ነፈቃ እንዲልኩ፣ ወይ እንዲፈቱ፣ ከፈቱም ያለፈውን ነፈቃ እንዲልኩ እንዳዘዙ ይዘገባል። ወታደሮቹ ከበይተልማል ደሞዝ ነበራቸው። ስለዚህ ትእዛዙ ጠንካራ ነው፤ ማንም «የለኝም» ሊል አይችልም።

እኚሁ ዑመር ግን አንድ ሌሊት ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ጋር ሆነው መዲና የሰፈሩ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ አንድ ሕፃን አላባራ ብሎ ሲያለቅስ ሰሙ። እናቲቱን ደጋግመው ሲጠይቋት፣ የሚያናግራት ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ዑመር ድጎማ የሚቆርጡት ጡት ለጣለ ሕፃን ብቻ ስለሆነ ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው እንደሆነ ነገረችው። ዑመር በዚያ ሱብሒ ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ንባባቸው አልሰማ ብሎ ነበር ይባላል። ወዲያውም ድጎማው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲሰጥ ታወጀ። በበጎ ሐሳብ የወጣ ደንብ ሕፃን ሲያስርብ አገኙት፤ ለወጡት። እናቲቱን አልቀጡም። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የኸሊፋው ለቅሶ ነው፤ ለእኔ ግን ከለቅሶው ይልቅ በማግስቱ የወጣው ትእዛዝ ይበልጥብኛል።

በሦስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖሩት ሐነፊው ፈቂህ አል-ኸሷፍ በነፈቃ ላይ ብቻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ጉዳዩ በቃዲዎች ፊት ምን ያህል ይበዛ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። በሐነፊዎች ዘንድ አባት ለልጁ ባለበት ተራ ዕዳ አይታሰርም፤ ነፈቃን ግን አልሰጥም ካለ ይታሰራል። ቃሉን አስተውሉ፤ «አልሰጥም ካለ» ነው። በአገራችን በተለይ በደቡቡና በምሥራቁ በሰፊው በሚሠራበት በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ፣ የኢማም ነወዊን «ሚንሃጅ» የቀራ ደረሳ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሚስት ነፈቃ በባል አቅም ይለያያል። ለባለጸጋ ሁለት ሙድ፣ ለመካከለኛው አንድ ተኩል፣ ለድኻው አንድ ሙድ ነው። ሠርቶ ማግኘት የሚችል ሰው ለልጁ ሲል ሠርቶ እንዲያመጣ ይገደዳል። የልጅ ነፈቃም በቃዲ ካልተወሰነ ወይም ቃዲው ተበድሮ እንዲመገብ ካልፈቀደ በስተቀር ጊዜው ሲያልፍ እንደ ዕዳ አይቆለልም፤ ነፈቃ የተደነገገው የዛሬን ረኃብ ለማስታገስ ነውና። እናትም ከጎረቤት ወይም ከነጋዴ በአባትየው ስም እንድትበደር በቃዲ ትፈቀድላት ነበር። በኦስማን ዘመን የነበሩ የሻምና የፍልስጤም ፍርድ ቤቶች መዛግብት በዚህ ዓይነት ፈቃድ የተሞሉ ናቸው።

አባት ካጣስ? መጀመሪያ ወደ አያትና ወደ ሌሎች ዘመዶች ይኬዳል፤ እነሱም ከሌላቸው ወደ በይተልማል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለዕዳ መሆኑን አንርሳ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 62/1936 የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች ሲቋቋሙ ጋብቻ፣ ፍች፣ ነፈቃና የልጆች ሞግዚትነት ከሥልጣናቸው ውስጥ ተካተተ። ከዚያ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። እግረ መንገዴን ልናገርና የሐዋሳ ከተማም የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ገደማ ነው። ሕጉ የቀደመውን ልማድና ደንብ ሁሉ የሻረ ቢሆንም ቃዲዎቹ መዳኘታቸውን አላቋረጡም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 እና 78 ተከራካሪዎች ሲስማሙ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ፈቀደ። በ1992 ደግሞ ሁለት አዋጆች በአንድ ዓመት ወጡ፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 እና የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213። ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ፤ ሐዋሳ ዋና ከተማው የነበረችው የደቡብ ክልል የቤተሰብ ሕጉን ያወጣው በ1996 ነው።

በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ከፊቅሁ ጋር የሚገናኝ ብዙ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉም የቤተሰብ ሕጉም የቀለብ ልክ ሲወሰን የጠያቂው ችግርና የከፋዩ አቅም አብረው እንዲታዩ ያዛሉ። ሁኔታ ሲለወጥ ፍርዱ ይሻሻላል። ግዴታው በአባትና በእናት ብቻ አያበቃም፤ አያቶችና ወንድም እህቶች አሉበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ እንደማይከፈል መደንገጉ ከላይ ያየነውን የሻፊዒዮች ሐሳብ ያስታውሳል። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 ቀለብ አለመስጠትን በአቤቱታ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ የሚያስቀጣ ሲያደርግ እንኳ «ያለ በቂ ምክንያት» የሚል ገደብ አስቀምጧል። ማጣት በቂ ምክንያት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? እንደ እኔ ግንዛቤ በፍርዱና በአፈጻጸሙ መካከል ነው። አዋጅ 188ን ብንመለከት የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው በእስልምና ሕግ ነው፤ የሚከተለው ሥነ ሥርዓት ግን የአገሪቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ የ1958ቱን። ቃዲው ነፈቃውን ሲወስኑ የአባትየውን አቅም ይመረምራሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሰውዬው ሥራ ሲያጣ ግን መዝገቡ አፈጻጸም ላይ ነው፤ አፈጻጸም ላይ የሚነበበው የገንዘቡ ቁጥር ነው። አባትየው አቅሜ ተለውጧል ብሎ ካላመለከተ ማንም አይጠይቀውም። ድኻ ደግሞ የማያመለክተው ስለማያውቅ፣ ጠበቃ ስለሌለው፣ ፍርድ ቤት በሄደበት ቀን የዚያ ቀን ገቢ ስለሚቀርበት ነው። ሲፈራ ይሸሻል። ሲሸሽ ዓመፀኛ ይባላል። ዕዳውም ይቆለላል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በሀብቷ የታወቀችው አሜሪካ በዚህ መንገድ ከእኛ ይልቅ ርቃ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1975 የቀለብ ማስከፈያ የፌዴራል ሥርዓት ዘረጋች። በ1986 ደግሞ አንዴ የደረሰን ቀለብ ዳኛ ወደኋላ ተመልሶ እንዳይቀንሰው የሚያግድ ሕግ ወጣ፤ ሰውዬው በዚያ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶም ቢሆን። በ1996 መንጃ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ ማገድ ተጨመረ። እስቲ አስቡት፤ በዋሽንግተንና አካባቢው ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ እየነዱ ነው የሚኖሩት፤ ቀለብ ያስተጓጎለ ሾፌር መንጃ ፈቃዱ ሲታገድ ቀለቡን ከምን ይከፍላል? ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርትም ይከለከላል። ዜግነት የወሰደ ወገናችን ወላጁ አገር ቤት ቢሞት መድረስ ላይችል ነው።

በዘጠኝ ትላልቅ ክፍለ ግዛቶች ላይ ተደርጎ በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከጠቅላላው ውዝፍ 70 በመቶው የሚፈለገው የዓመት ገቢያቸው 10,000 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ ወይም ጭራሽ ገቢ ካልተመዘገበላቸው ወላጆች መሆኑን አሳየ። በገንዘብ አነጋገር አብዛኛው የማይሰበሰብ ነው። በሳውዝ ካሮላይና አንድ አባት ከ5,700 ዶላር በላይ ውዝፍ አለብህ ተብሎ፣ መክፈል ይችል እንደሆነ ዳኛው ሳያጣሩ፣ አንድ ዓመት እስር ተፈረደበት። ጉዳዩ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2011 ፍርድ ቤቱ መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ ባይኖርበትም፣ ከማሰሩ በፊት የመክፈል አቅሙ በአግባቡ መመርመር እንዳለበት ወሰነ። አሜሪካኖቹ በ2011 የደረሱበትን ነጥብ በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ በዳኝነት ምዕራፍ ታገኙታላችሁ፤ ባለዕዳው አጣሁ ካለ ቃዲው ጎረቤቱንና የሥራ ባልደረባውን ጠይቆ ያጣራል፤ ማጣቱ ሲረጋገጥ ይለቀዋል።

ሙስሊም አገሮችስ? እነሱም ያስራሉ። የቱኒዝያ ሕግ ቀለብ ያስተጓጎለን በእስራት ይቀጣል። ነገር ግን ቱኒዝያ በ1993 የቀለብ ዋስትና ፈንድ አቋቋመች፤ ፈንዱ ለተፈታችው ሴትና ለልጆቹ ይከፍልና ገንዘቡን ከአባትየው ይጠይቃል። ግብፅ ይህንን ሥራ በ1976 ለናስር ማኅበራዊ ባንክ ሰጠች፤ በ2004 ደግሞ የቤተሰብ መድን ፈንድ ጨመረችበት። ሞሮኮም በ2010 ተከተለች። ከበይተልማል ያለፈ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስሙ ነው የተለወጠው። ሁሉም አጥጋቢ ሆነው ይሠራሉ ማለቴ አይደለም። ሐሳቡ ግን ልጁ እስኪፈረድና እስኪፈጸም ድረስ በባዶ ሆዱ እንዳይጠብቅ ነው።

ሐዋሳ ላይ ይህ ነገር ከሌላ ቦታ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምክንያት አለኝ። ከተማዋ የወጣት ከተማ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ከየገጠሩ ብዙ ሺህ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ወደ ከተማዋ ገቡ። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልተደነገገለትም፤ የፓርኩ ደሞዝ ለኪራይ እንኳ የሚያወላዳ አልነበረም። ትዳር ተመሠረተ፣ ልጅ ተወለደ። ከዚያ በ2014 አገራችን ከአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል ስትታገድ ሥራቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። ትዳር በችግር ሲፈርስ እናትም አባትም ድኻ ናቸው። ከአንዱ ድኻ ኪስ ወደ ሌላው ድኻ ኪስ የሚሄደው ገንዘብ ደግሞ በእስር ብዛት አይጨምርም።

በረመዳን መስጂዳችን ውስጥ የዘካ ተቀባዮችን ስም ስንመዘግብ ያየሁትን ልንገራችሁና ላብቃ። የቲሞች ይመዘገባሉ፤ አልሐምዱሊላህ። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ስትመጣ ግን መዝጋቢው «አባታቸው አለ አይደል?» ብሎ መለሳት። አዎን፣ አለ። እሱ በዚያ ሳምንት ምን እንደሚበላ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ልጆቹ የቲም አይደሉም፤ የሚያበላቸው አባትም የላቸውም። ያ መዝጋቢ እኔ ነበርኩ።

እናቶች ሆይ፣ ቀለቡ ሲቋረጥ ዓመት ቆይታችሁ ድምሩን ይዛችሁ ከመሄድ በዚያው ወር አመልክቱ፤ ያቺን የሦስት ወር ነገር አስታውሱ። አባትየው በእርግጥ ካጣ በአያቶቹ ላይ መጠየቅ እንደምትችሉም እወቁ። አባቶች ሆይ፣ ገቢያችሁ የቀነሰ ዕለት የመዝገብ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ቀለቡ እንዲሻሻል ለዚያው ፍርድ ቤት አመልክቱ፤ የቀበሌና የጎረቤት ምስክር ይዛችሁ ሂዱ፤ በእጃችሁ ያለችውን ሃምሳም ሆነ መቶ ብር ደግሞ በደረሰኝ ወይም በምስክር ፊት ስጡ። የዘካ ኮሚቴ አባላትም የምታዳምጡን ካላችሁ፣ በዚህ ዓመት መዝገባችሁ ላይ ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ልጆች አንድ ገጽ ክፈቱ።